ከዩኒፎርሙ የተነቀሉት ቁልፎች

ጥቅምት 5

ይድረስ ለወንድሜ ለዳኛው፣

እንዴት ሰንብተሃል? ጉንፋኑ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ማይክራፎን ውስጥ እያስነጠስክ ነው የምታስተረጉመው? ካልሲ ሳታደርግ እንዳትወጣ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላህ ምን ቀረህና ነው ካልሲ አድርግ የምልህ፤ ግን እኔ ካላልኩህ ማን ይልሃል። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ፔዳሉን ስረግጥ ይንቋቋል፤ የሚጮኸው ማሽኑ ይሁን እኔ ግራ እየገባኝ ዘይቱን የቱ ጋ ላድርገው እላለሁ።

«ከተማው ፈርቷል ወይ?» ላልከኝ፣ ከተማውስ አልፈራም። ሰው በድልድዩ እንደ ድሮው ይመላለሳል፤ የጉምሩኩ ሰውዬ ዛሬም ወንበሩ ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው። የፈራሁት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ስነግርህ እንዳትስቅ።

ባለፈው ሰኞ ከጦር ሰፈሩ አዲሱ ሻምበል መጣ። ጆሮው ሰፋፊ፣ ትሁት ልጅ ነው። ሦስት መቶ ዩኒፎርም ሱቄ ውስጥ አራገፈና «እትዬ፣ እነዚህን የሚያብለጨልጩ የነሐስ ቁልፎች ነቅለው ጥቁር ይትከሉልን» አለኝ።

«ምነው ሻምበል፣ ለሰልፍ የሚያምረው ይኸው አይደል?» ስለው፣

«ለአጠባ አይመችም» አለና ዐይኑን ወደ ማሽኔ አዞረ።

ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ልብስ ሰፍቻለሁ። ሊያገባ ያሰበውን፣ ያረገዘችውን፣ ሥራ ያጣውን፣ ሳይነግሩኝ ከሜትሬ ነው የማውቀው። ልታይ የሚል ሰው የሚያብለጨልጭ ያደርጋል። አልታይ የሚል ጥቁር ያስተክላል። ከማን ነው የማይታየው ታዲያ? ከድልድዩ ማዶ ካሉት ውጪ ማን አለ?

ጭንቀቴ ማዶ ስላገባችው ስለ ጭራሮ ነው። ጭራሮ መባሏ እንኳ ቀርቷል፤ ታናሽ ልጄ ከኔ ሰፊ ቀሚስ አልፋለች! ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ትወልዳለች ብሏታል ሐኪሟ። ከሱቄ በር ላይ ቆሜ የነሱን ጣሪያ አያለሁ፤ ድልድዩን ጨምሮ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። እዚህ እኔ ዘንድ አልጋ ዘርግቼላታለሁ። ባሏ ግን ሐኪሟ ደም ግፊት አለሽ፣ አትንቀሳቀሺ ስላላት አትንኳት ይላል። አውቶቡስ ነጂ ስለሆነ መንገጫገጭን ከሁላችን በላይ አውቃለሁ ባይ ነው።

በወንዙ መሃል ባለችው የአሸዋ ደሴት የተነሳ ሁለቱ መንግሥታት ባሕር ማዶ እናንተ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተካሰዋል ብለኸኛል። ታዲያ ላምጣት ወይስ ልተዋት? የምትለኝን አደርጋለሁ።

እህትህ ሰፊዋ


ጥቅምት 19

እታለም፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሁለተኛው ላይ «ብዙ አትጻፍ፣ አንዱን ቃል ንገረኝ» ስላልሽ ቃሉን አስቀድማለሁ፦ ተያት።

ዳኞቹ የሚሰጡት ትእዛዝ ኅዳር 2 ይነበባል። ሁለቱም መንግሥታት ጠበቆቻቸውን ልከዋል። ጠዋት ጠዋት ካፖርታቸውን የሚሰቅሉት አንድ መስቀያ ላይ ነው፤ ትናንት እንዲያውም ተሳስተው ተቀያየሩና ተሳሳቁ። ሊዋጋ የቆረጠ ሰው ለምን ብሎ ይህን ያህል ይከራከራል? እዚህ በሠራሁበት አሥራ ሁለት ዓመት ጉዳዩ በዳኞች እጅ እያለ ጦር ያዘመተ አላየሁም።

አጠገቤ፣ በአስተርጓሚዎች የመስታወት ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ሴት ታስተረጉማለች። ከወንዙ ማዶ ናት፣ ጭራሮ ካለችበት ከተማ። እናቷ እስካሁን እዚያው ናት። ጠየቅኳት። እሷም እንደኔ ነው የምታስበው።

ስለ ቁልፎቹ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት፣ አልሳቅኩምም። ግን እታለም፣ ጦር ሰፈር ሁልጊዜ የሆነ ነገር ይቀይራል። ቁልፍ ማስረጃ አይሆንም። ሐኪም አትንቀሳቀሺ ያላትን ልጅ በስጋት ብቻ አናንገላታት። ወረቀቱን ጠብቂ።

ካልሲ አድርጌአለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 4

ወንድም ዓለም፣

እልል በል! ሰምተናል እንጂ፣ እንዴት አንሰማም! ትእዛዙ ሲነበብ የፋርማሲው ባለቤት ሬዲዮውን ደጅ አውጥቶ ጮክ አደረገው። «ሁለቱም ወገኖች ጦራቸውን ከአሸዋው ያርቁ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ አንዱ በሌላው ላይ ኃይል አይጠቀም» ሲል ከማዶም ሲያጨበጭቡ ሰማን። ወዲያው ተሻግሬ ለጭራሮ «አጎትሽ ተቀመጪ ብሏል» አልኳት። «አጎቴ ካለማ» ብላ እግሯን ትራስ ላይ ሰቀለች። ባሏም «አላልኩም?» እያለ ሲንጎራደድ ዋለ፤ ትእዛዙን የሰጠው እሱ ነው የሚመስለው።

በማግስቱ ጋዜጣ ላይ ሙሉውን አወጡት። በጨርቅ መቀሴ ቆርጬ (ወረቀት መቀስ እንደሚያደንዝ አውቃለሁ፣ ይሁን አልኩ) ከመስታወቱ አጠገብ ለጠፍኩት። ዛሬ ሻምበሉ የመጨረሻዎቹን ልብሶች ሊወስድ ሲመጣ አየውና ቆመ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ እንደሱ አድርጎ ያነበበው ሰው የለም።

«ጥሩ ወረቀት ነው፣ እትዬ» አለኝ።

«ጥሩ ከሆነ ጥቁሩን ልንቀለውና የነሐሱን ልመልሰው?»

ሳቀ። «ስለ ቁልፍ የሚለው ነገር የለም።»

«ልጄ፣ እኔ አልተማርኩም፣ አንተ ተምረሃል። ይህ ወረቀት አያዝዛችሁም?»

«ያዝዘናል። እኛ እኮ ለመፈጸም ዝግጁ ነን፤ እነሱ ይጀምሩ፣ እኛ ከኋላ ነን» አለ። ቀስ ብሎ ደግሞ፣ «እነሱም እንደዚሁ ነው አሉ የሚሉት» አለኝ።

የነቀልኳቸውን ቁልፎች ምን ላድርጋቸው ስለው «ይጣሏቸው» አለኝ። ምኑን ይጣላል፣ ወርቅ የመሰለ! የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ሞልቶ ክዳኑ አልገጥም አለኝ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ እናንተ ፍርድ ቤት የትእዛዙን መፈጸም የሚያይ ዘበኛ አላችሁ? በራችሁ ላይ የሚቆመውን ማለቴ አይደለም።

እህትህ


ኅዳር 21

እታለም፣

ድልድዩ መመታቱን ከሰማሁ ዛሬ ሁለት ሳምንት ሆነ። ሦስት ጥያቄ ብቻ አለኝ። አለሽ? ቤቱ አለ? ጭራሮ የት ናት?

ስለ ዘበኛው የጠየቅሽኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ድልድዩ በተመታ በአራተኛው ቀን ነው። የለንም። ዳኞች አሉን፣ ቤተ መጻሕፍት አለን፣ ጥሩ አዳራሽ አለን። ዘበኛ የለንም። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አውቄ ነው «ተያት» ያልኩሽ። ከወረቀቱ ጋር ብዙ ከመኖሬ የተነሳ ወረቀቱን ሁሉም የሚታዘዘው መሰለኝ።

የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጽፌአለሁ። ያልሰጠሁት አድራሻዬ ተቀይሮ የአንቺ ደብዳቤ እንዳያጣኝ ብዬ ነው።

በፈጠረሽ አንድ መስመር ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 9

ወንድሜ፣

ይህን ያህል ስላስጠበቅኩህ ይቅር በለኝ። ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ነበር ብልህ እውነት ነው፤ ከተከፈተ ግን ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ብዕር አንስቼ እተወው ነበር።

አለሁ። ቤቱም አለ፤ መስኮቶቹ ብቻ ናቸው የረገፉት። የነሐስ ቁልፎቹ ቆርቆሮ ከመደርደሪያው ወድቆ ወለሉን ሞላው፤ ሁለት ቀን በጉልበቴ እየሄድኩ ለቀምኩ። ምን እየሠራሽ ነው ቢሉኝ፣ እጄ ሥራ ፈልጎ ነው።

ስለ ድልድዩ አትጠይቀኝ። ጭራሮ ማዶ ናት። ጣሪያዋ ይታየኛል፤ ሌላ የማውቀው የለም። የመውለጃዋ ቀን አልፏል። ስልክ የለም፣ ፖስታ የለም፣ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ላይ ያለች ልጄ ትኑር አትኑር አላውቅም።

«ትወቅሺኛለሽ ወይ?» ብለህ በኋላ በላክኸው ቴሌግራም ለጠየቅከኝ፣ እውነቱን ልንገርህና ይውጣልኝ። ያን ጊዜ ለቅዳሜ ባለ ታክሲ ተስማምቼ ነበር፤ ከኋላ ትራስ ደርድረን ቀስ ብሎ ሊያመጣልኝ። ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰኝ። ሄጄ «ይቅር» አልኩት። ሃያ ስድስት ዓመት ያልዋሸኝን የገዛ እጄን ትቼ፣ የተማረ ወንድሜ ብሏል አልኩ። ፈርጄብህ እንዳይመስልህ። አንተን አስተምሬ የኮራሁት እኔ፣ ያመንኩህም እኔ። ጥፋት ከሆነ ለሁለታችን ይበቃናል፣ ብቻህን አትሸከመው።

ከጦር ሰፈሩ አሁን የሚመጣልኝ ጥገና ነው። ሰኞ ዕለት ክምሩ ውስጥ አንድ ኮት አገኘሁ፤ እጅጌውን ሁለት ጣት ያህል ያሳጠርኩት እኔ ነኝ፣ የሻምበሉ ነው። ሌላውን አልጽፍልህም።

ልጅ ሆነህ ብይ ስትጫወቱ ትዝ ይልሃል? ሕጉን የምታወጣው አንተ ነበርክ፤ «ዳኛው» የተባልከው በዚያ ነው። አንድ ቀን ሁለቱ ጉልቤዎች ተያያዙና አንተ መሃል ገብተህ «ሕጉ እንዲህ ይላል» ስትል ሁለቱም ተባብረው አፍንጫህን አደሙህ። በቀሚሴ ጠረግኩልህ። «ሁለተኛ ሕግ አላወጣም!» ብለህ አለቀስክ። በማግስቱ ብይ ሲያምራቸው የማንን በር አንኳኩ? የኛን። ስለ መልቀቂያህ የምመልስልህ ይህን ነው።

ያቺ አጠገብህ የምትቀመጠው ሴት ግን፣ አሁንም አለች?

እህትህ


ታኅሣሥ 28

እታለም፣

አለች። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። ካንዱ የውሃ ጆግ ተራ በተራ እየቀዳን፣ ሁለት ሜትር ባልሞላች ክፍል ውስጥ ተጣብቀን እንውል ነበር። በስምንተኛው ቀን የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀችና «እኔም እናቴን ጠብቂ ብያታለሁ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የተላቀስነው፤ ጥበቃው መጥቶ ማይክራፎኑ እንደበራ ነገረን።

«ይህን ያህል ሕግ እያላችሁ ለምን አቃታችሁ?» ብለሽ ደግመሽ በላክሻት አጭር ደብዳቤ ለጠየቅሽኝ ቀላል መልስ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሌባን ፖሊስ ይይዘዋል። መንግሥትን የሚይዝ ፖሊስ ግን የለም፤ ፖሊሱ የራሱ ነው። እኛ ጋ የሚቀርበው ልዳኝ ብሎ ከተስማማ ብቻ ነው። ትእዛዙን ከጣሰ ጉዳዩ ኃያላኑ ወደሚቀመጡበት ሸንጎ ይሄዳል፤ እዚያ ከአምስቱ ኃያላን አንዱ እጁን አንሥቶ «አይሆንም» ካለ ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። እጁን የሚያነሣው ደግሞ ወዳጁ ሲነካበት ነው።

ከዚህ የሚብሰውን ግን ያየሁት በዐይኔ ነው። ሕጉ «አትጀምር» ይላል፣ «ከጀመሩህ ግን ተከላከል» ይላል። ልክ ነው፣ እንዲያ ካላለ ማን ይቀበለዋል። ድልድዩ በተመታበት ማለዳ ከሁለቱም መንግሥታት ደብዳቤ መጣ። የነሱን እኔ ተረጎምኩት፣ የኛን እሷ። ስንጨርስ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። የአገሮቹን ስም በጣትሽ ብትሸፍኚው አንድ ደብዳቤ ነው። ሁለቱም ተከላካይ፣ ሁለቱም ተገዶ። ጀማሪ የለውም ይህ ጦርነት፣ እታለም።

አሁን የምልሽን ስሚ። ከአንቺ ወደ ጭራሮ ፖስታ የለም፤ ከአንቺ ወደ እኔ ግን አለ። ከዚህ ወደ ማዶም አለ። ለጭራሮ ጻፊና ለእኔ ላኪው። ይህች የክፍል ጎረቤቴ በእናቷ ስም ታሽገዋለች፤ ቤታቸው ከጭራሮ በሦስት በር ነው። ወታደር ነክ ነገር እንዳትጽፊ፣ ይከፈታል። መልቀቂያዬ መሳቢያ ውስጥ ነው። መልሱ እስኪመጣ አልነካውም።

ወንድምሽ


የካቲት 17

ወንድም ዓለሜ፣ የኔ ጌታ፣

«ተቀምጠሽ አንብቢው» ብለህ ፖስታው ላይ ጽፈሃል፤ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ከዚያ ተቀመጥኩ፣ ከዚያ ተነሣሁ፣ ከዚያ የፋርማሲው ሰውዬ ምን ሆንሽ ብሎ እስኪመጣ ድረስ ጮህኩ። ሴት ናት! ድልድዩ በተመታ በአምስተኛው ቀን፣ ጊዜዋ ሳይደርስ፣ በትምህርት ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ። ያዋለደቻት የጎረቤትህ እናት ናት። «ጠብቂ» የተባለችው እናት! ያቺ ሴት ልጇን ሰምታ ባትቀመጥ ኖሮ ልጄን ማን ይይዛት ነበር? እንግዲህ በዚህ ምን ልበል። ጠብቁ ያላችሁን እናንተ ናችሁ፤ ልጄ ለብቻዋ የቀረችው በዚያ ነው፣ ብቻዋን ያልሆነችውም በዚያ ነው። ፍረድ ብትለኝ መፍረድ አቃተኝ።

ጭራሮ የጻፈችውን አንተ ሳታነበው እንደላክኸው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነህ። ስለዚህ ልንገርህ። ባሏ ዘምቷል። አውቶቡሱን ወስደውበት ዩኒፎርም ሰጡት። «እማዬ፣» ትላለች፣ «ልብሱ ላይ የነበረውን ሳይ አንቺ ያልሽኝ ትዝ አለኝ። እዚህ ያለችው ልብስ ሰፊም ከመስከረም ጀምሮ ሌሊትና ቀን ጥቁር ስትተክል ነበር አሉ።» ከመስከረም! ከኔ በወር ቀድማ!

አስበው እስኪ። ከወንዙ ወዲህ አንዲት ሰፊ፣ ከወንዙ ወዲያ አንዲት ሰፊ፣ ያ ሁሉ ጠበቃ በአንድ መስቀያ ካፖርቱን ሲሰቅል እኛ ሁለታችን እናውቅ ነበር። ማንም አልጠራንም። አንተም ቁልፍ ማስረጃ አይሆንም አልከኝ። አልቀየምኩህም፤ ግን እዚያ ፍርድ ቤታችሁ ስትቀመጥ ለዳኞቹ ሹክ በልልኝ፦ መንግሥታቱ የላኩትን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ልብስ ሰፊዎቻቸውንም ጠይቁ።

ለሕፃኗ ሹራብ ልኬአለሁ። የነሐስ ቁልፍ ልተክልባት ቃጣኝ፣ ወዲያው «አንቺ ሴትዮ፣ ማዶ ፈታሹ የማን ጦር ነው ቢል ምን ልትዪ ነው» ብዬ ተውኩት። ጥቁርም አላደረግኩባትም። በክር ማሰሪያ ነው። የሦስት ወር ልጅ ተከላካይ አይደለች፣ አጥቂ አይደለች፣ ትታሰር በክር።

አሁን የመጨረሻ ጥያቄህ። «ያ ትእዛዝ አሁንም ግድግዳሽ ላይ ነው ወይ?» ትላለህ። አይደለም። ቀድጄ የጣልኩት እንዳይመስልህ። መስኮቱ ሲረግፍ ጠርዙ ተቦጭቋል፤ አጣጥፌ የብስኩቱ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከነሐሶቹ ሥር አስገባሁት። ባለፈው ሳምንት በሻምበሉ ቦታ የተተካው መኮንን መጥቶ ክዳኑን ከፍቶ አየ።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርግልሻል? ጣዪው አላሉሽም?» አለኝ። ይሄኛው አንቺ ነው የሚለኝ፣ ትሕትና የለውም።

«ብለውኛል» አልኩት።

«ታዲያ?»

«አንድ ቀን፣ የኔ ልጅ፣ ከናንተ አንዱ ወይም የናንተ ልጅ በዚህ በር ይገባና 'እነዚያ የሚያብለጨልጩት የት ገቡ? ሰልፍ አለብን፣ ድልድይ ልንመርቅ ነው' ይለኛል። ያን ጊዜ ጣልኳቸው ልለው ነው?»

ምን እንዳደረገ ልንገርህ? ኮቱ ላይ አንዷ ጥቁር ቁልፍ ላልታ ነበር፤ አውልቆ ሰጠኝ፣ አጠበቅኩለትና ሄደ።

መልቀቂያህን ከመሳቢያው አውጣና ቅደደው። የዛሬው ጦርነት እንደሆነ አላቆማችሁትም፣ እኔም ሦስት መቶ ልብስ አልብሼ ሸኘሁት። ግን ሲበቃቸው የሚያንኳኩት በር መኖር አለበት፤ እዚያ በር ላይ የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ሰው መቀመጥ አለበት። ሁለት መቶ አርባ እርምጃውን ባሕር አሻግራችሁ የምታደርሱልኝ እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። አንተ ከተነሣህ የልጅ ልጄ ሹራብ በየት ያልፋል?

ለጎረቤትህ ሰላምታዬን አድርስ። እናቷ እጇ ይባረክ በልልኝ። የጎረቤትህን የደረትና የእጅጌ ልክ በሜትር ለክተህ ላክልኝ፤ አትፈር፣ ብብቷ ሥር አድርገህ ዙሪያውን ነው የሚለካው፤ ካልቻልክ እሷው ትለካ። ካፖርት ልሰፋላት ነው። መስቀያው ላይ ከሌላው እንዳይቀየርባት፣ ቁልፉን ከቆርቆሮው አወጣለታለሁ።

ካልሲ አድርግ።

እህትህ ሰፊዋ